አሥራ አንድ ጭረት

የአባቴን ጠመንጃ በማዳበሪያ ጠቅልዬ
መርሳ ወረድኩ፣ ይማም ጎበና ጋ፣ «ገምትልኝ» ብዬ።

ገለጠው። አሸተተው። ዘይቱ ደርቋል።
«ምንሽር አይደለም፤ ውጅግራም አይባል።
ከብረቱ ሥር ነው የሚሳብ እጀታው፣
ወደ ኋላ ቀጭ፣ ወደ ፊት ቀጭ፣ ይኸው!
ቁጥሩን ዝገት በልቶታል፤ አገሩ አይነበብም፤
ጥይቱ ሲቋረጥ እኔም አልተወለድኩም።»

«ይህስ?» አልኩ ኩራት ይዞኝ፣ ሰደፉን አዙሬ፤
አሥራ አንድ ጭረት፣ ከልጅነቴ ስቆጥራቸው ኖሬ።
ስንቱ ሠርግ ላይ «ገዳይ!» ብለን ፎክረንበታል፤
ይማም አፉን ይዞ ይስቃል።

«በሰባ ሰባት፣ ቤታችሁ እንዳይሰደድ፣
አስይዞኝ ነበር። እኔ ነኝ የጫርኩት፣ በሞረድ።
አንዱ ጭረት አንድ ቁና ማሽላ፤
ዕዳውን ከፍሎ የወሰደው ከስድስት ዓመት በኋላ።»

«ዋጋውስ?»
ዝም አለ። ጠቀለልኩት ደግሜ።
ዳገቱን ወጣሁ፣
አሥራ አንድ ቁና ተሸክሜ።