መሀል ወንበር

ሰናይት የላከችው የመርከቡ ፕላን
ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጫፉን በስኳር ዕቃ ተጭነን።
አሥራ አንድ ፎቅ፣ ክፍሉ እንደ ማር እንጀራ፤
ቁጥሩ ደቃቃ ነው፣ ዓይኔ ደከመ ገና በሁለተኛው ተራ።

«ከላይ ይሁን» አልኩ፣ «በረንዳ ያለው፤
ሠላሳ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያየሁት ግድግዳ ነው።
ባሕር ልይ ብዬ የጡረታ ቁጠባዬን አውጥቼ፣
ቁም ሣጥን ውስጥ ልተኛ? ያን ሁሉ አገር ትቼ?»

ደብሪቱ ጣቷን ከመርከቡ ሆድ አሳረፈች፤
ከታች፣ ከመሀል፣ መስኮት ከሌለው። «እዚህ» አለች።
«ጣርማ በርን ረሳኸው? ያን ጥምዝምዝ ቁልቁለት፣
ከኋላ ወንበር አስቀምጠኸኝ ነፍሴ ልትወጣ የደረሰችበት?
ሎሚ እያሸተትኩ፣ ፌስታል ታቅፌ!
መሀል ወንበር ያገኘሁ ለት ግን እስከ ሸዋ ሮቢት ተኛሁ አርፌ።
መርከብም አውቶቡስ ነው፣ መንገዱ ውሃ ሆኖ፤
የሚያንገላታው ጫፉ ነው፤ መሀሉ ይሄዳል ሰክኖ።»

ዝም አልኩ።
የደብረ ብርሃን ንፋስ የጎረቤት ቆርቆሮ ይደበድባል፤
ሻዬ ቀዝቅዟል።
እውነቷን ነው። የኔም ግን ውሸት አይደል፤
ግድግዳ አይቼ ልመለስ? እሱማ በደል።

ቀና ብላ አየችኝ። ጣቷ አንድ ፎቅ ከፍ አለ፣
ከዚያም ሌላ፤ ከመሀሉ ግን ንቅንቅ አላለ።
ክብ መስኮት አለች እዚያ፣ የድስት ክዳን የምታህል፤
ሁለት ራስ አትችል።
«ንጋት የኔ፣ ማታ ያንተ» አለች፣ «በተራ እናያለን።
ዋጋዋ ከበድ ይላል፤ ሁለቱን የመንዝ በግ እንሸጣለን።»

ቁጥሩን ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ፣ ሌላ ነገር ትዝ ብሏት፦
«አልጋ ልብሳቸው ስስ ነው አሉ።
ያን አንተ የሠራኸውን ብርድ ልብስ ሻንጣው ውስጥ ክተት።»