ድኝ የሸተተው ድንጋይ

መጋዘኑ ረጅም ነው፤ ከቆርቆሮው ውርጭ ይረግፋል፤
በጥድ ሳጥን የተኛ ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ተደርድሯል።
የእኔ ሥራ ማንበብ ነው፣ በእጅ ባትሪ፣ በአጉሊ መነጽር፣
ቀዳሚዎቼ ያዩትን ዳግም አይቶ መመስከር።
የዛሬው ፋይል ቀጭን ነው። ሃውኪቫራ ይላል ስሙ፤
ሦስት ትውልድ ጽፎበታል፤ ደብዝዟል ሰማያዊ ቀለሙ።

የመጀመሪያው ወረቀት ደብዳቤ ነው፣ የፖስተኛ፤
ታውኖ ሄይስካነን ይባላል፤ እጁ ጎርባጣ፣ ቃሉ እውነተኛ፦
«ክቡራን ሆይ፣ በሳውናችን ምድጃ ላይ፣
ከድንች እርሻ የለቀምኩት አንድ ድንጋይ
ቅዳሜ ማታ ውኃ ቢነካው ድኝ ድኝ ሸተተ፤
ቤተሰቤ ራቁቱን፣ እያሳለ፣ በረዶ ላይ ተጎለተ።
አማቴ ሰይጣን ነው አለች። እኔ ፈለጥኩት በመዶሻ፤
ውስጡ ያበራል፤ ቁራሹን ልኬአለሁ ለመፈተሻ።»

ወርቅ አልነበረም። መልሱ ስምንት ቃል ነው፣ በማኅተም፦
«መዳብ አለው፣ ብረትና ድኝም፤ ወርቅ ግን የለውም ምንም።»
ከመልሱ ጋር ጥቂት ወሮታ፤ ታውኖ ብስክሌት ገዛ፤
(ከዚያ ኮረብታ ትርፍ ያየ እሱ ብቻ ነው፣ እንደዋዛ።)

ግን ድንጋዩ መጤ ነው፤ እዚያ እርሻ አልተወለደም፤
ሲመጣ እርሻ አልነበረም፣ ታውኖም፣ መንደሩም።
ተራራ የሚያህል ግግር ነበር፣ የበረዶ ግግር፣
ዐለት እየፋቀ፣ እየላጠ፣ ከሰሜን ምዕራብ ሲሻገር
ከእናቱ ጉያ ነጥቆ፣ አዝሎ፣ ደክሞት ያወረደው፤
ጭረቱ ዛሬም በዐለት ጀርባ አለ፣ ለሚጠይቀው።
ስለዚህ ፍለጋው ወደ ኋላ ነው፦ ልጁን ይዞ እናቱን፣
ጭረቱን እየዳሰሱ፣ ግግሩ የመጣበትን።

ከጦርነቱ በኋላ አርቪድ ግሩንድስትሮም መጣ፤
ሁለት ፈረስ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ ትንባሆና ብዙ ጣጣ።
አራት ጊዜ ምድርን ወጋ፤ ሦስቴ ባዶ እጁን ሰደደችው፣
በአራተኛው፣ በስልሳ ሜትር፣ አንድ ክንድ ቢጫ አሳየችው።
ጽሕፈቱ እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ እርሳሱ ወረቀት በስቷል፤
«ነገ ይወፍራል» ብሏል።
በማግስቱ፦ «ቀጥኗል።»

ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ቱሊኪና ውሻዋ፤
ሩስካ ትባላለች፣ ቀይ ናት፤ ድኝ ማሽተት ነው ሥራዋ።
አትሳቁ። ዝናብ ሲነካው ድንጋይም ይተነፍሳል፤
ከድንጋይ ሽበት ሥር ሆኖ ለውሻ አፍንጫ ይደርሳል።
አሥራ ዘጠኝ ቦታ ላይ ቆማ ጮኸች፣ በአንድ በጋ፤
ቱሊኪ በካርታው ነጥብ ጣለች፤ ነጥቡ ሲያያዝ እንደ አለንጋ
ጫፉ ከኮረብታው ግርጌ፣ ወደ አንድ ረግረግ ያመለክታል።
ቆፈሩ። እናትየዋ ተገኘች።
አሮጊት። አጥንቷ ቀርቷል።

የባሕር ወለል ነበረች፤ ሁለት ቢሊዮን ነው ዓመቷ፤
ፍል ውኃ ከምድር ሆድ ሲተፋ ያኔ ነው ሀብት ማግኘቷ።
ኋላ አህጉር ተጋጨ፤ ተጨመቀች፣ ታጠፈች እንደ ነጠላ፤
ግግሩ ራሷን ላጨ፤ የቀረውን ዘመን በላ።
ሁለት መቶ ሺህ ቶን፤ መዳቡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤
ለማውጣት ያንሳል፤ እንዳይረሱት ደግሞ ምንም አይባልም።
ከእጅ አይሻል ዶማ።

የመዳብ ዋጋ በናረ ቁጥር አንድ ሰው ይህን ፋይል ይጠራል፤
ሲወርድ አቧራውን ሳያራግፍ ወደ ቦታው ይመልሳል።
ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው። ስልሳኛው ሜትር ላይ ደረስኩ፣
የአርቪድን አንድ ክንድ በምራቄ አርጥቤ ዳሰስኩ፤
ያው ቢጫ፣ ያው ድኝ፣ ያው ተስፋ፤ ልቤ ሳላዘው ዘለለ፤
(የአርቪድ እርሳስ ገባኝ፤ ወረቀት ለምን እንዳቆሰለ።)

የሳጥኑ ወለል ላይ ፖስታ አለ። ውስጡ ቁራሽ ድንጋይ፣
በጀርባው የታውኖ ጽሕፈት፣ ማንም ያላነበበው ይመስላል ሲታይ፦
«ስትጨርሱ መልሱልኝ፤ ለጎተራዬ በር መደገፊያ ይሆነኛል።»
የመመለሻ ቴምብሩንም ራሱ ለጥፎበታል።

ማኅተም አልተመታበትም።