ደስ ብሎን

ማስተዋል ልጄ፣
በስልክ “ደህና ነን” ብዬሽ ዘጋሁ ትናንት ማታ፤
ደህናው ግን ብዙ ነው፣ አይነገርም በአንድ አፍታ።
ስለዚህ ይኸው ወረቀት፣ ይኸው የቀይ እስክርቢቶዬ ትራፊ፣
ሰላሳ አራት ዓመት ስህተት ስታሰምር ኖራ፣ ዛሬ ዜና ጸሐፊ።

መጀመሪያ ስለ አየሩ፦
ሚያዝያ ነው። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልሎ ያድራል፣
ሌሊት አንሶላ ይከብዳል፣ ቀን ጥላው ራሱ ጥላ ይፈልጋል።
ጣና ከዳሩ ሸሽቷል፤ መስከረም ላይ ውሃ የዋጠው ድንጋይ፣
አሁን የአባትሽ ወንበር ነው፣ ፊቱ ወደ ወደቡ የሚያይ።
የሽምብጥ መንገድ ጃካራንዳ ቅጠል ሳያወጣ አበበ፣
የባጃጁ ጣሪያ ሁሉ ሐምራዊ ነጠላ ደረበ።
የእኛው ማንጎ ስድስት ፍሬ ያዘ፤ ስድስቱንም በመልክ አውቃለሁ፤
በማግስቱ አምስት ሆኑ። የሌሊት ወፍ ናት እላለሁ።
አባትሽ “የጎረቤት ልጅ ነው” ይላል፤
(የሒሳብ መምህርት ግቢ መስረቅ ግን ልብ ይጠይቃል።)

አሁን ወደ አባትሽ።
ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ወሩ፤ የጀልባ ሞተር ቢያጣ፣
መፍቻውን ይዞ በቤቱ ዕቃ ላይ መጣ።
የጓዳውን በር ፈታ፣ ገጠመ። አንድ ብሎን ተረፈው።
ሬዲዮኑን ፈታ፣ ገጠመ። አንድ ብሎን ተረፈው።
የስፌት መኪናዬን “አትንካ!” እያልኩት ነካካት፤ ሰፋች፣
እውነቱን ልናገር፣ ከድሮዋ ይልቅ ዝም ብላ ሰፋች፣
ግን እሷም አንድ ብሎን ለገሰች።
ሁሉም በማርማላታ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ አሉ፤
“ፋብሪካ ሲያበዛው ነው፤ ሳያስፈልጉ ነው የተተከሉ።”

ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ብሎን የሚተርፈው፣
ቀዳዳው አልታይ ብሎት ነው።
ለባጃጅ ሳንቲም የሚከፍለው በጣቱ እየዳበሰ ነበር፣
ጀልባ የሚለየውም በሞተሩ ሳል፤ ይህንን እኔ ሳልናገር፣
እሱም ሳይናገር ከረምን። አርባ ዓመት ትዳር ይህን ያስተምራል፦
አንዱ ሲደብቅ፣ ሌላው እንዳላየ ሆኖ ያያል።

ከፋሲካ በሳምንቱ ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት፤
ሞራ ነው፣ ግራው አሁን ይገፈፋል፣ ቀኙ ለመስከረም አሉት።
መካኒክ አይደል? “መጀመሪያ መሣሪያችሁን ልየው” አለ፤
ሐኪሟ ያንቺ እኩያ ብትሆን ነው፤ ሳቀች። አንድ ባንድ አየ፣ ተቀበለ።
እኔ ኮሪደር ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈራሁት፦
ሲገጥሙት አንድ ብሎን ተርፏቸው ዝም እንዳይሉት።

በማግስቱ ፋሻው ተነሣ።
“አቶ አንለይ፣ ምን ይታይዎታል?” አለች ነርሷ።
እኔ ስለ ብርሃን የሚናገር መስሎኝ ነበር።
ትክ ብሎ አየኝና፦
“ይመኙሻል፣ መቼ ነው የሸበትሽው?”
“አንተ ብሎን ስትለቅም!”
ነርሷ ጠብታውን አስቀምጣ ወጣች፣ የምትስቅበት ቦታ ፍለጋ።

ስንመለስ ባጃጁን አስቁሞ ወረደ።
“ይሄ ዛፍ ሐምራዊ ነበር እንዴ?” አለና ወለሉ ላይ አበባ ወደ ነበረበት ሄደ፤
አንዱን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። አላየሁም።

ዕዳው ግን አሁን ነው፤ ሁሉንም ያያል፤
“ግድግዳው ተልጧል”፣ “ድስቱ ጠቁሯል”፣ “እምቦጩ ወደ ዳር ተጠግቷል”።
ማንጎውንም ቆጠረ፦ “አራት ነው።” “አምስት!” ወጥተን አብረን ቆጠርን፤
አራት ነው። ቀዩ እስክርቢቶ ዞሮ በእኔው ላይ ሲያሰምር አየን።

ትናንት ጠርሙሱን ገልብጦ፣ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት፣
ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሳቸው ወደ ቤት።
አንዷ ግን ቤት አጣች፤ በሩም ሬዲዮኑም አላወቃትም፤
ከፖስታው ውስጥ አድርጌያታለሁ፣ ጅማ ምን እንደጎደለሽ አላውቅም።

ስትደውዪ “እንዴት ናችሁ?” በይ፤ “ደህና ናችሁ?” አትበይን፤
“እንዴት” ካልሽ መልስ አለን፦
ደስ ብሎን።