ስቱኮ

ቀን ጥርስ እነቅላለሁ፣ ማታ ቡሎን እፈታለሁ፣
ሁለቱም አልላቀቅ ሲሉ አንድ ዓይነት ድምፅ እሰማለሁ፤
ትንሽ ጭረት፣ ትንሽ ሲቃ፣ ከዚያ ድንገት እጅ መስጠት።
ወይም መሰበር፤
ያኔማ መሰርሰር፣ መራገም፣ እንደገና መጀመር።

ካያኒ፣ ሰሜን ፊንላንድ። ጥር አጋማሽ ላይ
ፀሐይ ለምሳ ብቻ ወጥታ ስትታይ፣
ጋራዤ ውስጥ አንድ አምፖል፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንዲት ቀይ ማዝዳ፣
ባለ ሁለት ወንበር፣ ከአራት ባለቤት የተረፈች ዕዳ።

«ልጆችሽን ጣሪያው ላይ ልታስሪ ነው?» አለች እህቴ ታይሚ።
መልስ አልነበረኝም፤ ኮፈኑን ከፍቼ አሳየኋት።
አየችው። ዘጋችው። ሻይዋን ጨርሳ ሄደች።

የሸጠልኝ ጎረምሳ «ሻንሲዋ ጤነኛ ነው» ብሎ ምሎ ነበር፤
እኔም ስቱኮ የሚያጋልጥ ማግኔት ይዤ ነበር፤
ከኪሴ ሳላወጣው ገንዘቡን ቆጠርኩ።
ፍቅር ራጅ አያነሳም።

ሞላዋን ቆርጦ አሳጥሮ፣ ሆዷን ከመሬት አላልሶ፣
ማርሚታዋን ጥሎ እንደ በርሜል የሚጮህ ቱቦ አልብሶ፣
ለድምፅ ማጉያ ብሎ ሽቦዋን በጣጥሶ፣
ፍሬቻ ሳበራ ዝናብ መጥረጊያው ይነሳል፤
መጥረጊያውን ስነካ ሬዲዮኑ ያስላል።

ከጀርመን አዲስ አሞርዛተር አስመጣሁ
(የልጄ ብስክሌት ለከርሞ ተላልፎ፤ ለታይሚ እንዳትነግሩ)።
ከሥሯ ተጋደምኩ፣ ዝገት ዓይኔ ውስጥ እየረገፈ።
አንዷ ቡሎን፣ የኋላ ግራ፣
ዘይት ረጨኋት፤ አደረች። በእሳት አሞቅኋት፤ አልሰማችም።
በሦስተኛው ሌሊት በቁልፉ ጫፍ ቧንቧ ቀጥዬ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩባት፤
ቋ!
ጎረቤቴ ሬይማ ጥይት መስሎት በፒጃማ መጣ፤
ቡሎኗን አየ፣ እኔን አየ፣
«እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ተመለሰ።

መጋቢት ላይ የበሯን ደፍ በመዶሻ እጀታ ነካ አደረግሁት።
ብረት ይጮኻል፤ ይህ ግን ዝም አለ።
ይህን ዝምታ ከሃያ ዓመት ሥራዬ አውቀዋለሁ፦
ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ባዶ መንጋጋ፣
ባለቤቱ «ምንም አያመኝም» እያለ ፈገግ ሲል።
ቀለሙን ፋቅሁ፤ ስቱኮ። ስቱኮውን ፋቅሁ፤ ሌላ ስቱኮ።
ከሁሉ ሥር ቀዳዳ፤
ቀዳዳው ውስጥ የታጨቀ ጋዜጣ።

ተሳደብኩ፣ እናቴ ፊት የማልለውን።
በፒንሳ ጎትቼ ሳወጣው አንዱ ገጽ ሳይቀደድ መጣ፦
መስቀለኛ ቃላት፣ በእርሳስ ግማሹ ተሞልቶ፣
በሚንቀጠቀጥ፣ ግን ከመስመር በማይወጣ ፊደል።
የጎረምሳው እጅ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረ፣
ምናልባት ብየዳ የማይችል፣ ምናልባት ለበያጅ የሚከፍለው ያጣ፣
አንድ በጋ ብቻ፣ አንድ በጋ እንድትጨምርለት የለመነ ሰው።
እኔስ ስንቱን ጥርስ በጊዜያዊ ሙሌት ሸኝቻለሁ፣
ደመወዙ እስኪደርስ?

የበሰበሰውን ቆረጥን፤ ሬይማ በየደ፣ እኔ ሞረድኩ።
ክፍያው አንድ መንጋጋ፣ የታችኛው ግራ።
ግንቦት ላይ መርማሪው ኦይቫ ደፉን አንኳኳ፤
ጮኸ።
«ይህስ ይሁን፤ ይህ ቱቦሽ ግን ሙታን ይቀሰቅሳል።
ሂጂና ቀይሪው።»
ቀየርኩት። ጎረምሳውን ስረግም ከርሜ
ቱቦውን ግን አልጣልኩትም፤
ከአልጋዬ ሥር ነው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ።

ሰኔ። እኩለ ሌሊት። ፀሐይ መጥለቅ እንቢ ስትል፣
ሸራ ጣራዋን አጥፌ፣ በኦውሉ ሐይቅ ዳር፣ ሦስተኛ ማርሽ፣
መሪው የጠጠሩን ወሬ ለመዳፌ ሲያወራ።
ጋዜጣው ኪሷ ውስጥ ነው፤ ባዶ ሳጥኖቹን አልሞላኋቸውም።
ፍሪሲዮኑ መላላት ጀምሯል፣ የሆነ ቦታ ዘይት ያንጠባጥባል።
አውቃለሁ። ነገ አየዋለሁ።
ፈገግ አልኩ፤
ምንም አያመኝም።