ዘጠኝ ከዐሥር

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ዋያላ። ጓሮ፣ ከሰሉ ላይ፣
ዓሣው ይንጨረጨራል ቆዳው እስኪለያይ።
ቫሲሊስ የሰጠን ነው፣ የአጥር ማዶ ጎረቤት፣
ዛሬ ጎህ ሲቀድ ይዞት፣ ከባሕር ቀጥታ ወደ ቤት።
ኖሪን በሩን በወገቧ ገፍታ፣ ሎሚና ቢላ ይዛ፣
ሁለት ብርጭቆ አኖረች በሚነቃነቀው ጠረጴዛ፤
ቀጥላም ጠርሙሱን፣ አንገቱን በፎጣ አፍና፣
«የዛሬው ከክሌር ሸለቆ ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል ገና።

እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ምላሴ የዞረበትን ሁሉ የመዘገብኩበት፤
ከብረት ፋብሪካው ወጥቼ፣ ጥፍሬ ጥላሸት እንዳዘለ፣
ቀኑን፣ ወይኑን፣ ምግቡን፣ ወይኑም «ምን ምን እንዳለ»፦

    ሀንተር፣ ሴሚዮን። ገና ልጅ ነው፣ አፍሮ ዝም ይላል።
    ከቀዝቃዛ ዶሮ ጋር። ስድስት። ዐሥር ዓመት ቢተኛ ይናገራል።

    ባሮሳ፣ ሺራዝ። ቁንዶ በርበሬ፣ የጫማ ቀለም፣ ፕሪም።
    የበግ ጎድን። ኖሪን ሸሚዜ ላይ ደፋችው። ስምንት። እድፉ አለ ዛሬም።

    ማክላረን ቬል፣ ግሬናሽ። የሱቅ ፓይ፣ መብራት የጠፋ ለት።
    ዘጠኝ። ምክንያቱን መጻፍ ረሳሁት።

ባለፈው ሐምሌ፣ በብርዱ፣ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለኝ፤
ሲሄድ አፍንጫዬን ይዞ ሄደ፣ ምላሴን ብቻ ተወልኝ።
ዶክተር ፐሬራ «ይመለሳል» አለች፤ ቀጥላ «ወይም…» አለች፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ኖሪን ናት የሰማች።
ቡና ማለት ሙቅ ውኃ ሆነ፣ ሽንኩርት ማለት ጨርቅ፤
ሺራዝ እርጥብ ነው፣ ቀይ ነው፤ ሌላ አላውቅ።

ከዚያ ወዲህ ኖሪን ናት የምታሸትልኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት «ደስ ይላል» ብቻ ስትለኝ
የኖረች ሴት፣ ዛሬ ዓይኗን ጨፍና፣ ብርጭቆውን አዘንብላ፣
«ሎሚ ሎሚ ይላል» አለች፣ እንደ ዳኛ ኮራ ብላ፤
«ዝናብ የነካው ድንጋይ… የምላስን ጫፍ ቆንጠጥ።»
ጻፍኩ። ግን ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ደብተሩን ወደ ኋላ ስገልጥ፣
ገጽ ዐርባ ሁለት፣ የራሴ እጅ ጽሑፍ፣ የራሴ ቀለም፤
ሚስቴ እኔን በቃሏ አጥንታለች፤ አንድ ነጥብ አልሳተችም።

ደግሞም ጆሮ አለኝ። ክዳኑ ሲጠመዘዝ «ቀጭ» አላለም፤
አዲስ ጠርሙስ እንዲህ ዝም ብሎ አይከፈትም።
የካርቶን ወይን ቧንቧ ጓዳ ውስጥ ሲንጠባጠብ ሰምቻለሁ፤
ቅዳሜ ባትሪ ስፈልግ ደግሞ ቁም ሣጥኑን ከፍቻለሁ፦
ዐሥራ አንዱም ጠርሙስ፣ የአንዱም ክዳን ሳይነካ፣
በአሮጌ ካልሲዎቼ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር ለካ።

ጡረታችን መብራት ከፍሎ አልተርፍ ብሏት ይሁን፣
ለእኔ ሲፈስ መና ይቀራል ብላ ሰስታ ይሁን፣
ወይ አፍንጫዬን እየጠበቀች፣ የሚመለስበትን ቀን፣
አልጠየቅኋትም።
ምንም አይሸተኝም፤
ነገር ግን ይሸተኛል።

ቫሲሊስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፦ «ላያል፣ ዓሣዬ እንዴት ነው?»
ኖሪን ቀዳችለት። አሸተተ። ቅንድቡ ነው መጀመሪያ የሰማው።
እኔን አየ፤ እሷን አየ፤ እሷ ሹካዋን አየች፣
የሌለ አጥንት ከሳህኗ ላይ እየለቀመች።
«ሎሚ…» አለ በመጨረሻ፤ «ሎሚ ሎሚ ይላል መሰለኝ።»
በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ጨዋ ውሸታም አልገጠመኝ።

ጎረስኩ፤ ጨው አገኘሁ። ጠጣሁ፤ ቅዝቃዜ አገኘሁ፣ ጎምዛዛ፤
የኖሪን ጉልበት ጉልበቴን ነካው ከሥር፣ ከጠረጴዛ።
ብዕሬን አነሣሁ፦ ዘጠኝ ከዐሥር።

«ዘጠኝ? ለዚህ?» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ቫሲሊስ ወደ ባሕሩ ዞሮ ስለ ነገ ነፋስ ማውራት ጀመረ።
«ምክንያት» ከሚለው መስመር ፊት ቆየሁ፤ ከሰሉ ዐመድ ለበሰ፤
«ከዓሣ ጋር» ብቻ ብዬ ዘጋሁት።
ብርጭቆዬን ሞላችው፤ ትንሽ ፈሰሰ።