እርጥብ እጅ

የሸህ ሙዘይን ከፈን አልተቀደደ፣ ውሃውም አልሞቀ፤
የጁቤ፣ ከሸማኔው ዳስ ሥር፣ «ማን ይተካ?» ሲባል ሰው ተጨቃጨቀ።

እኔና ሸምሰዲን፣ የሸሁ አማች፣ ከጓዳ
ገላ እናጥባለን፤
ድምፅ ሾልኮ ይገባል በጭቃው ግድግዳ፦
«ታመው የተኙ ጊዜ ያሰገዱን ማናቸው?
ሐጂ ዘይኑ አይደሉ? እጅ የምንሰጠው ለሳቸው!»

ሸምሰዲን ዝም አለ። ጣሳው ከእጁ ቆመ።
የልጅነት ቂርአቴ፣ እንደ ድሮ ስብራት፣ ብርድ ሲነካው አመመ።

ሸሁ ነበሩ ያስቀሩን፦

«መዲናም ዳስ ነበር፤ ሰይዲና ዓሊ ገላ ሲያጥቡ ሰው ከዳስ መከረ፣
ለአቡበከር እጅ ተሰጠ፣ ቃል ታሰረ።
እኛ ‹ሹራ› እንላለን፤ ሺዓዎች ይላሉ፦
‹ነቢዩ የዓሊን እጅ ይዘው፣ ከኹም ኩሬ ዳር ተናግረው ሳሉ!›
የዓሊም እጅ መጣ ይባላል፣ ስድስት ወር ቆይቶ፤
ያንን ሁሉ ሌሊት ግን ማን ጻፈው፣ ከጎናቸው ተኝቶ?»

ገንዘን ስንጨርስ ፎጣ ብሰጠው፣ «ይቅር» ብሎ ወጣ፤
ወደ ዳሱ ገባ፣ ሳይከራከር፣ ሳይቆጣ፤
እርጥብ እጁን ሰጠ። ዳሱ ጭጭ አለ።
የሐጂ ዘይኑ መዳፍ፣ ካፉር እንደሸተተ፣ ሳይጠረግ ዋለ።