ሌላኛው ወገን

አሸዋ፣ ጨርቅ ተራ። ቬንትሌተሩ ሙቀት ያማስላል።
የአባዬን የዱቤ ደብተር እገለብጣለሁ
በነጻ ባገኘሁት የሒሳብ ፕሮግራም፤
አንጀቱ ለሁሉ ክፍት ነው፣ የሚደብቀው የለም፤
ግን ግትር፦ ለወጣው ሁሉ «የት ገባ?» ይላል፣
አንዱን ወገን ብቻ ብሞላ አልዘጋም ይላል።

ሦስት ሽርጥ፣ ለሙፍቱ። ከፍሏል።
አምስት ሜትር የድርያ ጨርቅ፣ ከገንደ ቆሬ ለመጣችው።
ስም የላትም፤
«ደቻቱ ቤቷን የወሰደባት» ይላል፣ በቀይ እስክሪብቶ።

ዕዳ እንዳልል፣ አንድ ቀን አልጠየቃት፤
ኪሳራ እንዳልል፣ አልቆጨውም።
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

አዲስ ሒሳብ ከፈትኩ።
«ስም?» አለኝ።
የአባዬን ስም ሰጠሁት፤
ሚዛኑ ተዘጋ።

መግሪብ ሳይደርስ
ያ ሒሳብ ከሱቁ በለጠ።